ብፌው የት ሄደ?

ሌንሱ ከዱባይ የመጣው ካልሲ ውስጥ ሆኖ ነው። የአክስቴ ልጅ ለሥራ ሲሄድ «ምን ላምጣልህ?» አለኝ። እንዲህ ተብሎ የሚጠየቀው «ኧረ ምንም አትቸገር፣ አንተ ብቻ በሰላም ግባ» ለመባል እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። እኔ ግን በዚያችው ሌሊት የሌንሱን ስም፣ የሱቁን አድራሻና ዋጋውን በቴሌግራም ልኬለት ነው የተኛሁት። ሲመለስ ቦሌ ሄጄ ተቀበልኩት። አቅፎ ሳመኝና ከሻንጣው አንድ እግር ካልሲ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «ሌላው እግርስ?» አልኩት። «ሌላው የኔ ነው። ይሄንንም ባዶውን ትመልሳለህ» አለኝ።

ካልሲውን ሳወልቅለት ትልቅ ነገር አልጠበቅኩም፤ እንዲህ ትንሽ ይሆናል ብዬም አልጠበቅኩም። ሚዛኑ 160 ግራም ነው፤ ከአንድ ፍሬ ብርቱካን እምብዛም አይበልጥም። 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8። ካኖን ይሄንን ሞዴል ያወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሱ በፊት የነበረው ታላቅ ወንድሙ ከ1990 ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ሳይለወጥ ሲሸጥ ኖሯል። በፎቶ አንሺዎች ዘንድ የድሃ ሌንስ ነው። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚገዛው እሱን ነው። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ስጀምር ቆይቼ አሁን ገዛሁት።

ባለቤቴ አገላብጣ አየችው።

«ከድሮው በምን ይሻላል?»

«የድሮው 5.6 ነው። ይሄ 1.8 ነው።»

«ቀነሰ ማለት ነው?»

«ሲቀንስ ነው የሚሻለው።»

«እንግዲያ ዋጋውም ቀንሷላ!»

እዚህ ላይ ስለ አፐርቸር ማስረዳት ስለነበረብኝ ዋጋውን ለመናገር ጊዜ አልተረፈኝም። ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ብርሃን ይገባል። ከካሜራው ጋር የተሰጠኝ ሌንስ እስከ ጥጉ ሲሳብ ከ5.6 ወዲያ አይከፈትም። አዲሱ በ1.8 የሚያስገባው ብርሃን የዚያን አሥር እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። መብራት ሄደ መጣ በሚባልበት ሰፈር አሥር እጥፍ ብርሃን ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞ ሌላ ትሩፋት አለው፦ ከሚነሳው ሰው ጀርባ ያለውን ሁሉ አደብዝዞ ብለር ያደርገዋል። እውነቱን ለመናገር የገዛሁትም ለዚሁ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ፎቶ እያየሁ የቀናሁት በብለር ነበር።

ካሜራዬ ካኖን 600ዲ ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ገበያ የወጣ፣ 18 ሜጋፒክስል። እኔ ሦስተኛ ባለቤቱ ነኝ። የመጀመሪያውን አላውቀውም፤ ሁለተኛው ሠርግ አንሺ ነበር። የእጀታው ጎማ ለቅቆ በሱፐር ግሉ ተለጥፏል። ስንት ሙሽራ፣ ስንት ሚዜ፣ ስንት ኬክ እንዳየ እሱ ነው የሚያውቀው። አንዳንዴ እኔ አበባ ላይ አነጣጥሬ ሳለሁ ፎከሱ አፈትልኮ በሩቅ የምታልፍ ነጭ የለበሰች ሴት ላይ ይለጠፋል። ልማድ ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያው ሥራችን እሑድ ዕለት እማዬ ቤት ሆነ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፤ በመስኮቱ የጠዋት ብርሃን ገብቶ ጭሱን ለሁለት ከፍሎታል። ፎቶ አንሺ ሌላ ምን ይፈልጋል? ቦታ ይፈልጋል። የኔ ካሜራ ሴንሰር ከድሮው ፊልም ልክ፣ ከ36 በ24 ሚሊሜትሩ ማለት ነው፣ ስለሚያንስ ሌንሱ በ1.6 እንደተባዛ ሆኖ ነው የሚያየው፤ 50 ያልነው 80 ይሆናል። 80 ደግሞ የሜዳ ሌንስ እንጂ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ሌንስ አይደለም። ካሜራውን ዐይኔ ላይ ስደግን የታየኝ የእማዬ ፊት ብቻ ነበር። ወደ ኋላ ሸሸሁ፣ ሶፋው ያዘኝ። ሶፋው ላይ ወጣሁ፣ «ጫማህን!» አለች። ጫማዬን አውልቄ በረንዳ ወጣሁ፣ መጋረጃው መሐል ገባ። በመጨረሻ የቤቱን በር ከፍቼ፣ ኮሪደሩ ላይ በካልሲ ቆሜ፣ የጎረቤት ልጅ በእግሮቼ መሐል እያሾለከ፣ እማዬን ከወገብ በላይ አገኘኋት።

«ወይ ግባ ወይ ውጣ፤ ብርድ አስገባህብኝ» አለች።

ገባሁ። እንግዲህ ፊቷን ብቻ ላንሳ ብዬ ቁርጤን አውቄ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ተንበረከክኩ። በዚህ ርቀት ሌንሱን 1.8 ላይ ከፍቶ ማንሳት ማለት ጥርት ብሎ የሚወጣው የስድስት ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ብቻ ነው ማለት ነው። ስድስት ሴንቲሜትር ከአፍንጫ ተነሥቶ ጆሮ አያደርስም። እማዬ ደግሞ ቡና ስታፈላ እንደ ሐውልት የምትቀመጥ ሴት አይደለችም፤ ታራግባለች፣ ትነሣለች፣ ጀበናውን ታዘነብላለች፣ እያወራች ወደ ሰው ትጠጋለች። ሌንሱ ጭሱ ውስጥ ፎከስ ፍለጋ «ዚር ዚር» እያለ ይዳክራል። ከ47 ፎቶ በአንዱ የጀበናው አንገት ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር ሲታይ እማዬ ከኋላው ደመና ሆናለች። በሌላው አንድ ሲኒ ብቻ ነው ያለው። በሌላው ማንም የለም፤ ፎከሱ ቄጠማው ላይ ነው።

አንዷ ግን ተሳካች። እማዬ ሲኒውን ልትሰጠኝ ቀና ስትል፣ ብርሃኑ በግራ ጉንጯ ላይ ወርዶ፣ ከዐይኗ ጥግ ያሉት መስመሮች አንድ በአንድ የሚቆጠሩባት፣ አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት አረንጓዴነቱ ደብዘዝ ብሎ የሚታይባት ፎቶ። ከኋላዋ ያለው ሁሉ ሟሙቷል፤ ቡናማና ወርቃማ ቀለም ብቻ። ሰባት ዓመት የጠበቅኩት ብለር። እጄ እየተንቀጠቀጠ የካሜራውን ስክሪን አሳየኋት።

መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ብፌው የት ሄደ?»

«እማዬ፣ ሆን ብዬ ነው ያጠፋሁት።»

«ምን አደረገህ?»

መልስ አልነበረኝም። ብፌው በእርግጥ ምንም አላደረገኝም። በዕቁብ ተገዝቶ፣ በአራት ሰው ጫንቃ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ፣ ከተገዛ ጀምሮ አንድም ቀን ያልተጠጣባቸውን ብርጭቆዎች ታቅፎ ነው የቆመው።

«አሜሪካ ያለችው እኅትህ ይሄንን ስታይ ቤቴን ሸጬ ሜዳ ላይ የማፈላ አይመስላትም?» አለች እማዬ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ ታች ለመግፋት በጣቷ ሞከረች፤ አልተንቀሳቀሰም። «እግሬስ?»

«እግርሽ አልገባም።»

«እግሬን ቆርጠህ ነው አሜሪካ የምትልከኝ?»

ቤት ከገባሁ በኋላ ሳስበው እማዬ የቆመችበት ወግ ከኔ ሌንስ በዕድሜ ይበልጣል። ፎቶ ቤት ሄዶ መነሣት ታጥቦና ታጥኖ በነበረበት ዘመን ሰው የሚከፍለው ለፊቱ ብቻ አልነበረም፤ ለጀርባውም ጭምር ነው። ከብፌው በላይ የተሰቀለው የአባዬ ፎቶ ፒያሳ ፎቶ ቤት የተነሣው ነው። በውሰት ኮት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እጆቹ ከሱሪው ስፌት ጋር ተጣብቀዋል፤ የጫማው ጫፍ ሳይቀር ገብቷል። ከኋላው ሸራ ላይ የተሣለ ሐይቅ አለ፣ ዘንባባ አለ፣ ሐይቁ ላይ ደግሞ ዳክዬ ይሁን ጀልባ ያልለየለት ነገር ተንሳፍፏል። አባዬ ዋና አያውቅም። በሕይወቱ ሐይቅ ዳር ቆሞ አያውቅም። ግን ያንን ሐይቅ ከፍሎበታል፤ ብለር አድርጌ ብሰጠው ኖሮ ገንዘቡን ያስመልሰኝ ነበር።

ቤተ መንግሥቱም ቢሆን ከዚህ የተለየ ሐሳብ አልነበረውም። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም የአባታቸውን ሙያ ይዘው ቤተ መንግሥት አገልግለዋል። የዚያን ዘመን የነገሥታት ፎቶ ለተመለከተ ምንጣፉም፣ ትራሱም፣ ካባውም ከንጉሡ እኩል ተከብሮ ነው የተቀመጠው። ወደ ዘመናችን ስንመጣ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ አለች። በሷ ሥራዎች ውስጥ ጀርባው ራሱ ቀለም ተቀብቶና ተሰናድቶ ከሴቲቱ እኩል ነው የሚናገረው። እኔ ብቻ ነኝ በካልሲ ባስመጣሁት ሌንስ የሰው ቤት ማጥፋት የጀመርኩት።

በጥር አንድ ወዳጄ አገባ። የጥሪ ወረቀቱን ሲሰጠኝ «እንዳትቀር» አላለኝም፤ «ካሜራህን እንዳትረሳ» ነው ያለኝ። ካሜራ ያለው ሰው ሠርግ ላይ ቁጭ ብሎ አይበላም። ሙሽሮቹ ለፎቶ መናፈሻ የወጡት ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች የሁሉም ሰው ዐይን ጉድጓድ ገብቷል፣ የሁሉም አፍንጫ ጥላ ከንፈሩ ላይ ወርዷል። ጥላ ፈልጌ ዛፍ ሥር ሳስጠጋቸው ቪዲዮ አንሺው «ወንድም፣ ከፍሬም ውጣልኝ» አለ። አዳራሽ ስንገባ ግን የኔ ሰዓት ሆነ፤ በዚያ ደብዛዛ መብራት ያለ ፍላሽ እንደ ልቤ አነሣሁ። በሳምንቱ ሰጠኋቸው። የሙሽራዋ እናት ደወሉ። ምርቃት ጠብቄ ነበር።

«ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። ግን ያ ዲኮር ስንት ብር እንደወጣበት ታውቃለህ?»

ከዚያ በኋላ ሰው ማንሳት ትቼ ሕንጻ ላንሣ አልኩ። ሕንጻ ብፌ የለውም፤ እግሬ ተቆረጠ ብሎም አያማርርም። አንድ ቅዳሜ ማለዳ መንገድ ዳር ቆሜ አዲስ የተሠራ የመስታወት ሕንጻ ላይ ደመናው ሲያልፍ አነጣጠርኩ። ገና አንድ ጊዜ «ቀጭ» ሳላደርግ ጥበቃው ከወዲያ ማዶ ፊሽካውን ነፍቶ ደረሰ።

«ፎቶ ክልክል ነው።»

«ጌታዬ፣ ውጭ ነው እኮ የቆምኩት።»

«ውጭም ውስጥም ክልክል ነው።»

ከሱ ጀርባ፣ ደረጃው ላይ፣ ሦስት ልጃገረዶች ስልካቸውን ከአበባ መደቡ ጠርዝ አስደግፈው ለቲክቶክ እየጨፈሩ ነበር። ሕንጻው ከነታፔላው፣ ከነበሩ፣ ከነጥበቃ ቤቱ ስልካቸው ውስጥ ገብቷል። በአገጬ አመለከትኩት።

«እነሱስ?»

ዞሮ አያቸውና ፈገግ አለ። «እነሱ እየተጫወቱ ነው።»

«የነሱ ስልክ 50 ሜጋፒክስል ነው። የኔ 18 ነው» አልኩት፤ የገዛ ካሜራዬን በአደባባይ አዋረድኩት።

ጥበቃው የኔን ካሜራ ከላይ እስከ ታች መዘነው። «ይሄ ግን ትልቅ ነው» አለ። ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ። ነገሩ ሲገባኝ እንዲህ ነው፦ በኛ ከተማ ፎቶ የሚፈራው በሚያየው ሳይሆን በሚታየው ነው። በኪስ የሚገባ ዕቃ ጨዋታ ነው፤ በአንገት የሚንጠለጠል ዕቃ ጉዳይ አለው።

ልሄድ ስል ወዲያና ወዲህ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ፦ «እስቲ እኔን አንዴ አንሣኝ።» ኮፍያውን አስተካከለ፣ ቀበቶውን ሳበ፣ እጆቹን ከሱሪው ስፌት ጋር አጣበቀ። ቁርጥ አባዬን! ሌንሱን ወደ 8 ዘጋሁትና፣ ብለር የሚባል ነገር ሳላስጠጋ፣ ወደ ኋላ ተራምጄ ተራምጄ ከነጫማው አነሣሁት። በጣም ደስ አለው።

«በል በብሉቱዝ ላክልኝ።»

«ብሉቱዝ የለውም።»

«በዋይፋይ።»

«እሱም የለውም። ቤት ሄጄ ኮምፒውተር ላይ ነው የማወርደው።»

«ታዲያ ምኑን ካሜራ ሆነ?» አለኝ፤ ከልቡ አዝኖልኝ ነው።

የስልክን ነገር ካነሣን አይቀር ባለቤቴ በቅርቡ አዲስ ስልክ ገዝታለች። ዋጋውን ስጠይቃት እሷም የሆነ ሳይንስ ልታስረዳኝ ጀመረች። ቂም ሳልይዝ ልመስክር፦ ስልኩ ጎበዝ ነው። ለጥምቀት ጃንሜዳ ይዘነው ወጣን። ነጭ የለበሰ ጥቁር ሰው ማንሳት የካሜራ ፈተና ነው። የካሜራ ልኬት ዓለም በአማካይ ግራጫ ናት ብሎ ነው የሚያምነው፤ ያ ሁሉ ነጠላ ሲያጋጥመው «ብርሃን በዛ» ብሎ ደንግጦ ይቀንሳል፣ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ ፊት ይጠቁራል። «ኧረ ልጄን ምን አስመሰልካት!» የተባልኩባቸው ጥምቀቶች አሉ። ብርሃን ስጨምርለት ደግሞ ፊቱ ይመጣና ጥለቱ ይነጣል። የባለቤቴ ስልክ ግን አንዴ ስትነካው በአንድ ጊዜ ብዙ ፎቶ አንሥቶ፣ ፊቱን ከአንዱ ነጠላውን ከሌላው ወስዶ፣ ሰፍቶ ነው የሚሰጣት። ፊት ከነወዙ፣ ጥለት ከነቀለሙ። እኔ ከታቦቱ ኋላ እየሮጥኩ ቁጥር ስቀያይር እሷ አንድ እጇ ላይ ጧፍ ይዛ ጨርሳለች። ቴክኖ የሚባለው ስልክ አፍሪካ ላይ ስም ያተረፈው ጥቁር ቆዳን አሳምሬ አነሣለሁ ብሎ ነው፤ ነገሩ ማስታወቂያ ብቻ እንዳልሆነ እዚያ ሜዳ ላይ ገባኝ።

ስልኩ የሚያናድደኝ እኔን ለመምሰል ሲሞክር ነው። «ፖርትሬት» የሚል ነገር አለው፤ ብለሩን በሌንስ ሳይሆን በግምት ነው የሚሠራው። የእኅቴን ልጅ አፍሮ አንሥቶ ዙሪያውን በመቀስ የተከረከመ አጥር አስመስሎታል። የጀበናውን እጀታ ከጀርባ የመጣ ባዕድ ነገር መስሎት አጥፍቶታል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ፊት ማሳመሪያው ነው። ባለቤቴ ሳታጠፋው እማዬን አነሣቻት። እማዬ አየችውና እጇን አንገቷ ላይ አደረገች።

«ንቅሳቴስ?»

የለም። ስልኩ ቆሻሻ መስሎት ጠርጎታል። ከዐይኗ ጥግ ያሉት መስመሮችም የሉም። ለንቅሳቷ በልጅነቷ በእሾህ ተወግታ ስንት ቀን እንዳበጠች ትነግረን ነበር፤ ስልኩ በአንድ ሴኮንድ አከማት። እኔ ብፌዋን አጠፋሁ፣ እሱ አንገቷን። ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልክ እንደምሻል ተሰማኝና ደረቴን ነፋሁ፤ እማዬ ግን ገና አልጨረሰችም።

«እግሬ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?»

የስልኩ ስም ነው። ፎቶው ሥር፣ በግራ በኩል፣ ልክ እግሯ ላይ። ቢሆንም እግሯ ገብቷልና ይቅር አለችው።

ማሳመሪያው ጠፍቶ በድጋሚ ተነሣች። በዚህኛው ሁሉም ነገር አለ፦ እማዬ ከነንቅሳቷ፣ ረከቦቱ፣ ጀበናው ከነእጀታው፣ ብፌው፣ ብርጭቆዎቹ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የተደረበው ዳንቴል፣ አባዬና ሐይቁ፣ በስተቀኝ በኩል ደግሞ ካሜራ ታቅፎ የተቀመጠ የአንድ ሰው ጉልበት። የስልክ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ ቅርቡንም ሩቁንም እኩል አጥርቶ ነው የሚይዘው። እንደ ፎቶ ካያችሁት ምንም የለውም፤ ዐይን የሚያርፍበት አጥቶ ይንከራተታል። ባለቤቴ እኔ ሚሞሪ ካርዴን ሳላወጣ ቨርጂኒያ ላለችው እኅቴ ላከችላት። የኔን ያቺን የተሳካችውን፣ እንዳይጨመቅብኝ ብዬ በፋይል መልክ ከሳምንት በፊት ልኬላት ነበር። እስካሁን አልከፈተችውም።

የስልኩ ፎቶ በደረሰ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተደወለ። እዚያ ገና ሊነጋ ነው፤ ለሥራ ልትወጣ ስትል ነው ያገኛት። ስፒከር ላይ አደረግናት። ስለ ፎቶው ማማር አንድም ቃል አልተናገረችም። በሁለት ጣቷ እያሰፋች ቤቱን ስትዞር በድምፅዋ ይታወቃል።

«መጋረጃውን ቀየርሽው እንዴ? ... ዳንቴሉ የኔ ነው አይደል፣ አሥረኛ ክፍል እያለሁ የሠራሁት? ... ብርጭቆው አምስት ነው፣ ስድስተኛውስ?»

«ስድስተኛው ከኋላ ነው» አለች እማዬ፤ ውሸቷን ነው፣ ባለፈው ፋሲካ እኔ ሰብሬዋለሁ።

ከዚያ እኅቴ ዝም አለች። የሆነ ነገር ላይ እንደቆመች ገባኝ።

«እማዬ፣ የአባዬ ፎቶ ለምን ተንጋደደ?»

ሁላችንም ቀና ብለን አየን። እውነትም ተንጋዷል። ሐይቁ ወደ አንድ ወገን ሊፈስ ደርሷል። በየቀኑ እያየነው አላየነውም፤ እኔም በ47 ፎቶ አላየሁትም፣ በሁሉም ላይ ብለር ነበርና። እማዬ «በስማም!» ብላ በርጩማውን ጎትታ ወጣችበት። ባለቤቴ ወገቧን ደገፈቻት። ከስልኩ «ወደ ግራ... ትንሽ ወደ ግራ... በዛ» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ሳታይ። የእማዬ ሁለት እጆች ከክፈፉ ግራና ቀኝ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ሸርተት ብሎ፣ የመስኮቱ ብርሃን የአባዬ ጫማ ላይ ወድቆ።

ቀስ ብዬ ካሜራውን አነሣሁ። ሌንሱን ወደ 8 ዘጋሁ። በካልሲዬ ወደ በሩ እያፈገፈግኩ፣ ኮሪደሩ ላይ ልደርስ ስል፣ ዞር እንኳ ሳትል፣

«እግሬን እንዳትቆርጠው» አለች።